የጎትላንድ ገድል ለሞተሯ ብቻ አይሰጥም

በዩቲዩብም በፌስቡክም እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ወታደራዊ ታሪክ አለ። ጎትላንድ የምትባል ትንሽ የስዊድን ሰርጓጅ መርከብ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋር በተደረገ ልምምድ የአጃቢ መርከቦችን አጥር ሾልካ አልፋ ግዙፏን አውሮፕላን ተሸካሚ ሮናልድ ሬገንን “አሰጠመች” ይላል። ልምምዱ እውነት ነው። አሜሪካኖቹ ጎትላንድን ከነባሕረኞቿ ተከራይተው ከ2005 አጋማሽ እስከ 2007 አጋማሽ ሳንዲያጎ ያቆዩዋት፣ ድምፅ የማታሰማ መርከብ እንዴት እንደምትታደን የራሳቸው ሰዎች እንዲለማመዱባት ነው። የማልስማማው ከመደምደሚያው ጋር ነው። ተራኪው ሁሉ ምስጋናውን ጠቅልሎ ስተርሊንግ ለሚባለው ሞተር ያስረክብና ይሰናበታል።

ሞተሩን እንየው። ጎትላንድ ሁለት ስተርሊንግ ሞተሮች አሏት፤ እያንዳንዱ 75 ኪሎዋት ነው። ፈሳሽ ኦክስጅንና ናፍጣ በዝግ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ ይነዳሉ፤ ሙቀቱ በሞተሩ ውስጥ የታሸገውን ሂሊየም እያሰፋ ፒስተኑን ይገፋል። እንደ ተራ ናፍጣ ሞተር በሲሊንደር ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ስለሌለ ድምፁም ንዝረቱም አነስተኛ ነው። ቃጠሎው በከፍተኛ ግፊት ስለሚካሄድ ጭሱን ያለ መጭመቂያ ወደ ባሕሩ ማስወጣት ይቻላል። በዚህ የተነሳ መርከቧ አየር ፍለጋ ብቅ ሳትል ሁለት ሳምንት ገደማ ውሃ ውስጥ ትከርማለች። ድንቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ግን ሁለቱ ሲደመሩ 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 200 የፈረስ ጉልበት ናቸው። የሁለት ሚኒባስ ታክሲ ሞተር ቢባል ብዙ አልተዛባም። በዚህ አቅም 1,600 ቶን ብረት ውሃ ውስጥ ሲገፋ የሚገኘው ፍጥነት 5 ኖት፣ በሰዓት 9 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሬገን ደግሞ ከ30 ኖት በላይ ትሄዳለች። ጎትላንድ በባትሪዋ እስከ 20 ኖት መፍጠን ትችላለች፤ ነገር ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ያህል ስለሚያድግ ባትሪው በአጭር ጊዜ ተሟጦ ያልቃል፣ ፕሮፔለሩም በጩኸቱ ጉድ ያወጣል። ስለዚህ ማሳደድ የሚባል ነገር የለም። የሰርጓጁ አዛዥ ተሸካሚዋ ከብዙ ሰዓት በኋላ በየት በኩል እንደምታልፍ ገምቶ ቀድሞ እዚያ መገኘት፣ ከዚያም ትንፋሹን ውጦ መጠበቅ አለበት። ግምቱ በጥቂት ማይል ከሳተ ስተርሊንግ የፈለገውን ያህል ጸጥ ቢል ዋጋ የለውም።

እንዲህ ገማች የሆነው ሰው ከየት ይመጣል? ስዊድን መኮንን ማሠልጠን እንደምታውቅበት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት በቪኪንግ ታም የተመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። የዛሬው ዕጩ የባሕር መኮንን በስቶክሆልም ካርልበርግ ይገባል፤ ይህ የጦር አካዳሚ ከ1792 ጀምሮ የቆመ ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የባሕሩ ክፍል የሚሰጠው የሰርጓጆቹ ፍሎቲላ (የመርከብ ምድብ) በሚገኝባት በካርልስክሮና ነው። ሲመረቅ ፌንሪክ ይባላል፤ በእኛ ምክትል መቶ አለቃ እንደማለት ነው። ከፌንሪክነት እስከ መርከብ አዛዥነት ያለው መንገድ አሥር ዓመት እና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህን ጊዜ የሚበላው የማዕረግ ወረፋ ብቻ አይደለም።

ጎትላንድ ላይ የሚሳፈረው ሰው ከ25 እስከ 30 ነው። አሜሪካኖቹ በሚያዘወትሯቸው የኒውክሌር አጥቂ ሰርጓጆች ላይ ከ130 በላይ ሰው አለ። ልዩነቱ ጠባብነት ብቻ እንዳይመስለን፤ እያንዳንዱ መኮንን የሦስትና የአራት ሰው ሥራ ይደርበዋል ማለት ነው። አዲስ ገቢው መጀመሪያ የሚማረው ቶርፔዶ መተኮስ ሳይሆን ቧንቧ ነው። የትኛው ቫልቭ የቱን ታንክ እንደሚከፍት መብራት ጠፍቶ በዳበሳ ማወቅ አለበት። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ አየር ማናፈሻው መቼ እንደቆመ ልብ ሳይል የሚቀር መኮንን መርከብ ላይ ቦታ የለውም። የባሕር ውሃ ባትሪ ውስጥ ከገባ የሚወጣው ክሎሪን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን መጠበቅ ነው። ስለ ጎትላንድ ከሚወራው ሁሉ እምብዛም የማይነሳው፣ ለእኔ ግን ዋናው የምለው ይኼ ነው።

ውቅያኖስ በ1,000 ግራም ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። በስዊድን ደጃፍ ያለው የባልቲክ ባሕር መካከለኛ ክፍል ላይኛው ውሃ ግን 7 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከ60 እስከ 80 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ በድንገት ወደ 11 ይጠጋል። ውሃ ውስጥ ያለ መርከብ ክብደቱ ቦታውን ከለቀቀለት ውሃ ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ትንሽ ከከበደ ይወርዳል፣ ትንሽ ከቀለለ ይወጣል። ጨዋማነቱ በ1 ግራም በተለወጠ ቁጥር ጎትላንድን የምታህል መርከብ ከ1 ቶን በላይ ውሃ ወደ ሚዛን ታንኮቿ ማስገባት ወይም ማስወጣት ይኖርባታል። ያንን ድንበር ወደ ታች ለመሻገር 5 ቶን ገደማ ይጠይቃል። ከባልቲክ ተነስታ ሳንዲያጎ ስትደርስ ደግሞ ሂሳቡ 30 ቶን አካባቢ ይደርሳል።

አሁን መርከቧ በ3 ኖት እየተንፏቀቀች ነው እንበል። በዚህ ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርጓት ክንፍ መሰል መሪዎች ውሃውን በደንብ አይዙትም። ስዊድናውያን ከስልሳዎቹ የሾርመን ሰርጓጆች ጀምሮ የሚጠቀሙበት የኤክስ ቅርጽ የኋላ መሪ እንኳ ፍጥነት ይፈልጋል። ተረኛው መኮንን ልምድ ከሌለው መርከቧ መስጠም ስትጀምር ይደነግጥና ፓምፕ ያስነሳል። ፓምፑ ውሃውን ያወጣል፤ ግን ይጮኻል። ከዚያ ብዙ አውጥቶ ኖሮ መርከቧ መነሳት ትጀምራለች፤ እንደገና ያስገባል። እንዲህ ሲያወጣና ሲያስገባ ግማሽ ሰዓት ያለፈበት መኮንን፣ በስተርሊንግ የተገኘውን ጸጥታ በፓምፕ ድምፅ በትኖታል። ልምድ ያለው ግን የውሃውን ሙቀትና ጨው እየለካ ድንበሩ ሳይደርስ አስቀድሞ በዝግታ ያስተካክላል፤ እንዲያውም ከባዱን የታችኛውን ውሃ እንደ ወለል ተጠቅሞ መርከቧን ከላዩ ላይ ያሳርፋታል፣ ፓምፕም ፕሮፔለርም ሳያስነሳ። አሥር ሰው ከፊት ወደ ኋላ ምግብ ሊበላ ሲሄድ አፍንጫዋ ቀና እንደምትል ያውቃልና ማን መቼ እንደሚንቀሳቀስ ሳይቀር ይቆጣጠራል። ይህን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ እጅ ውስጥ የሚገባው ግን በባሕር ላይ ቀናት ብዛት ነው።

ድምፅ የማዳመጡ ነገርም ከዚሁ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። በበጋ የባልቲክ ላይኛው 15 ወይም 20 ሜትር ይሞቃል፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፤ ከዚያ በታች ያ ጨዋማው። ድምፅ በእነዚህ ንብርብሮች መካከል ይታጠፋል። አጠገብ ያለች መርከብ ሳትሰማ፣ ሩቅ ያለችው ቁልጭ ብላ ልትሰማ ትችላለች። የት ጥልቀት ብቀመጥ እኔ እሰማለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም የሚለው ውሳኔ የአዛዡ ነው። ሳንዲያጎ ላይ ውሃው ሌላ ነበር፤ ይህን አስተሳሰብ ግን ስዊድናውያኑ ይዘውት ሄደዋል።

በጣም አደገኛው ሰዓት ጦርነት የሌለበት ነው፦ ወደ ፔሪስኮፕ ጥልቀት መውጣት፣ ማለትም ከውሃ በላይ የሚያሳየው የማያ ቱቦ ብቅ እስኪል ድረስ። በስቶክሆልምና በፊንላንድ መካከል ሌት ተቀን ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ይመላለሳሉ። ቀጥታ ወደ እርስዎ የሚመጣ መርከብ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚሰማ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ፕሮፔለሩ ከኋላ ስለሆነ የራሱ ግዙፍ አካል ድምፁን ይጋርደዋል። የሰርጓጁ የራሱ ኋላም ለጆሮው ዝግ ነው። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ዞር ብሎ ከኋላ የነበረውን ማዳመጥ፣ አቅጣጫው ሳይለወጥ እየጎላ የሚሄድ ድምፅ ካለ መውጣቱን መተው የግድ ነው። ፔሪስኮፑ ብቅ ሲል አዛዡ ዙሪያውን በሰከንዶች ቃኝቶ ያወርደዋል፤ ያየውን በቃሉ ይዞ ከዚያ በኋላ ያሰላል። ከዚህ ትዕዛዝ በፊት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጥሩ የመምሪያ መኮንን ሊሆን ይችላል፣ አዛዥ ግን አይሆንም።

ስህተት የሚያስከፍለውን የስዊድን ባሕር ኃይል ያውቀዋል። በሚያዝያ 1943 ኡልቨን የተባለችው ሰርጓጅ በጀርመን ፈንጂ ሰጥማ 33 ሰው ሞቷል። ዛሬ ቤሎስ የምትባል የነፍስ አድን መርከብና ከሰጠመ ሰርጓጅ ላይ እየተገጠመች ሰው የምታወጣ ትንሽ ጠላቂ ጀልባ አለቻቸው። እያንዳንዱ ባሕረኛም በውሃ ማማ ውስጥ ማምለጥን ይለማመዳል፤ ዋናው ሕግ እየወጡ ሳለ ያለማቋረጥ ማስተንፈስ ነው፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው አየሩ ውስጡ ሰፍቶ ሳንባው ይቀደዳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ መኮንን ለማፍራት የባሕር ቀን ያስፈልጋል፤ የባሕር ቀን ደግሞ መርከብ ይጠይቃል። ክርክሬ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ስዊድን 12 ሰርጓጆች ነበሯት። ዛሬ 4 ናቸው፦ ጎትላንድ፣ ኡፕላንድ፣ ሃላንድ እና ሶደርማንላንድ። አራት የአዛዥ ወንበር ማለት ነው። አንዱ ለጥገና ሲቆም ሦስት፣ ሁለት ሲቆሙ ሁለት። አንድ አዛዥ ጥቂት ዓመት መርቶ ወደ የብስ ይሄዳል፤ ወደ ዋና መምሪያ፣ ወደ ግዢው መሥሪያ ቤት፣ ወይም ወደ መርከብ ሠሪው ኩባንያ። ከሰርጓጅ ተነስቶ ከፍ ያለ ቦታ የደረሰ የለም ማለት አይደለም፤ በ2016 የባሕር ኃይሉ አዛዥ የሆነው የንስ ኒክቪስት ሰርጓጅ መኮንን ነበር። ሆኖም የዕድገት መሰላሉ የሚጠይቀው የቢሮ ዓመት እንጂ ተጨማሪ የፔሪስኮፕ ሰዓት አይደለም።

አዲሶቹ ኤ26 ሰርጓጆች፣ ብሌኪንግ እና ስኮነ፣ የታዘዙት በ2015 ነው። መጀመሪያ በሃያዎቹ መጀመሪያ እንደሚደርሱ ተነግሮ ነበር፤ አሁን የተያዘው ቀን 2031 እና 2033 ነው። ስዊድናዊው ሕዝብና ፓርላማ የሚነጋገሩት ስለ ገንዘቡና ስለ ብረቱ ነው። ሂሳቡን በሰው እንየው፦ መርከቦቹ በታዘዙበት ዓመት ካርልበርግ የገባ ወጣት የመጀመሪያዋ መርከብ ስትደርስ ለአዛዥነት የሚበቃበት ዕድሜ ላይ ነው። ያን ዕድሜውን ግን ያሳለፈው እየተፈራረቁ ለጥገና በሚቆሙ አራት መርከቦች ወረፋ ላይ ነው። ከማርች 2024 ወዲህ ስዊድን የኔቶ አባል ስለሆነች ደግሞ ሥራው በዝቷል፤ በባልቲክ ወለል የተዘረጉ ኬብሎች በተደጋጋሚ ከተበጠሱ በኋላ ሁሉም ዓይን እነዚሁ ጥቂት ሠራተኞች ላይ ነው።

በእኔ እምነት ሶደርማንላንድን ለመሰናበት መቸኮል አይገባም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የተሠራች አሮጌ መርከብ መሆኗ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያ ረድፍ የውጊያ ሥራ ላይጠበቅባት ይችላል። ግን ተመሳሳይ ስተርሊንግ ሞተር ተገጥሞላታል፣ በዚያው ውሃ ትሄዳለች፣ አንድ ወጣት መኮንን ፓምፕ አስነስቶ የሚሳሳትባት ርካሽ ትምህርት ቤት ናት። የአዛዥነቱ ዘመንም ቢያንስ በአንድ ዓመት ቢረዝምና ያ ዓመት ተተኪውን አጠገቡ አስቀምጦ ለማስተማር ቢውል፣ ሁለት መኮንን በአንድ ፔሪስኮፕ ይማራል። በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፦ ሶደርማንላንድን ለማንቀሳቀስም 25 ገደማ ሰው ያስፈልጋል፤ እነዚያው ሰዎች ደግሞ ኤ26 ላይ አስቀድመው ሥልጠና እንዲጀምሩ የሚፈለጉት ናቸው። ስለዚህ ምርጫው በ2031 ሳይሆን ዛሬ፣ ለቀጣዩ ዓመት የካርልስክሮና ምልመላ ስንት ወንበር እንደሚከፈት ሲወሰን ነው የሚደረገው።