ቅጠሉን ሰበብ አናድርገው

ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። ከቅጠል የሚሠራ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ፣ የፋብሪካን ቀለም ከውሃ ያጠራል ሲባል ደስ ብሎናል። ደስ ይበለን። የአቃቂ ወንዝ ግን ዛሬም የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ እየወረደ ነው። በጥናት ወረቀት ብቻ መጽናናት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሥራው ሲታይ በእርግጥ ያስደንቃል። የሻይ ወይም የሽፈራው ቅጠል ይፈላል፣ ይጠለላል። በውሃ የሟሟ የብረት ጨው ጠብ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው ይጠቁራል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች ናቸው ብረቱን ደቃቅ ቅንጣት የሚያደርጉት። ቅንጣቱ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ የደቀቀ ነገር ቀለም የሚይዝበት ገጹ ሰፊ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ውሃ ዓይናችን እያየ ይጠራል።

እናንተ ተመራማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈትኑት በንጹህ ውሃ የበጠበጣችሁትን ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ እኮ እንደዚያ አይደለም! ጨው አለው፣ ሶዳ አለው፣ ሳሙና አለው፤ ቀለሙም አንድ ዓይነት አይደለም። ደግሞስ ቀለሙ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት ነው? አዞ (azo) ከሚባሉት የፋብሪካ ቀለሞች አንዳንዶቹ ሲሰባበሩ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች ይወጣቸዋል። ቀለም የያዘው ቅንጣትስ ተለቅሞ የት ይጣላል? ይህን ሳትመልሱ «ተሳካ» አትበሉን። ከፋብሪካው ቱቦ ቅዱና ፈትኑ።

ተመራማሪዎች ናሙና እንቅዳ ሲሏችሁ በር የምትዘጉ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ምን ትደብቃላችሁ? ወጪ ፈርታችሁ ማጣሪያውን አጥፍታችሁ ሌሊት የምትለቁ ካላችሁም እፈሩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2008 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነው የተሠራው። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው እስኪመጣ» የሚለውን ተዉት። የቅጠሉ ጥናት እስኪያልቅ ወንዙ አይጠብቃችሁም።

እኛ ነዋሪዎችም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። በአቃቂ ውሃ የለማ ጎመንና ሰላጣ እየበላን፣ ወንዙ ቀለም ሲቀይር አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ያ ውሃ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ። በአዋሽ ዳር ከብት የሚያጠጣው ሰው እዚህ ማን ምን እንደለቀቀ በምን ያውቃል? የምናየው እኛ ነን። ቀለም ስታዩ ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አስገቡ። መልስ ካልሰጧችሁ በማግስቱ ተመለሱ፤ ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።