ስለ ቤቱ ብጠይቅ ለክስ መሰላቸው

እንግሊዝ ሶመርሴት ገጠር ውስጥ አንዲት 80 ያለፋቸው ሴትዮ ቤት ኬረር (ተንከባካቢ) ሆኜ እሰራለሁ። በልቤ እሜቴ ነው የምላቸው፣ ፊት ለፊት ግን በስሜ ጥሪኝ ስላሉ አፌ እየተያዘም ቢሆን በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ቤታቸው ካንትሪ ሀውስ የሚሉት አይነት ነው፣ ሰፊ የድንጋይ ቤት፣ ከመኖሪያ ይልቅ ትምህርት ቤት የሚመስል፣ ግማሹ ክፍል ማሞቂያ ስለማይደርሰው በብርድ የማይከፈት። አምና "ከኛ በፊት እነማን እንደኖሩበት ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ እያነበብሽ እርጂኝ" አሉኝና በዛው ገባሁበት።

መጀመሪያ የገረመኝ ሰው አለመጠየቃችን ነው፣ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። የመሬት መዝገብ የሚይዘው መሥሪያ ቤት ኦንላይን 7 ፓውንድ ከከፈላችሁ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ይሰጣችኋል፣ የጎረቤታችሁንም ቢሆን፣ ለምን ፈለጋችሁት የሚል የለም። ወደኋላ ስትሄዱ ደግሞ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከ1836ቱ ሕግ በኋላ ለቤተክርስቲያን በዓይነት ይገባ የነበረው አስራት ወደ ገንዘብ ሲቀየር የተሰራ ካርታ አለ፣ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ተሰጥቶት ባለቤቱ ማን፣ የያዘው ማን ተብሎ።

ቤቱ ራሱም ይናገራል። በአንድ በኩል ሁለት መስኮት በድንጋይ ተደፍኗል፣ እኔ ለብርዱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ ግብር በመስኮት ቁጥር ይከፈል ስለነበር ሰዉ ይደፍነው ነበር (እሜቴ ግን "አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ለውበት ተብሎ የተደፈነ ነው፣ አትቸኩይ" አሉኝ)። ከ1662 እስከ 1689 ደግሞ በምድጃ ቁጥር ነበር የሚያስከፍሉት። ይሄኔ ሳቄ መጣ፣ ጭሰኛ የሚለው ቃላችን ከጭስ አይደል እንዴ የመጣው! እነሱ ጋ ግን ምድጃ የተቆጠረበት ወረቀት ቀርቷል፣ እኛ ጋ ቃሉ ብቻ።

ከሁሉም የያዘኝ የሕዝብ ቆጠራው ነው። ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ፣ በቆጠራው ሌሊት ቤቱ ውስጥ ያደረ ሰው ሁሉ በስሙ ተጽፏል፣ 100 ዓመት ይቆለፍና ከዛ ለሁሉም ይከፈታል፣ የ1921ዱ በ2022 ተከፈተ። የ1931ዱን እሳት በላው፣ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተቆጠረም፣ ለዛ ነው ሰዉ በ1939 ለመታወቂያ ተብሎ የተመዘገበውን ሙጭጭ የሚለው። የኛን ቤት የ1881 ገጽ ስንከፍት ጌቶቹ የሉም! ቤቱ ውስጥ ያደሩት ሰራተኞቹ ብቻ ናቸው፣ የቤቱ ኃላፊ፣ ሁለት ገረድ፣ አንዲት የ14 ዓመት እቃ አጣቢ፣ ስሟ ከነአባት ስሟ፣ የተወለደችበት መንደር ሳይቀር። የምተኛው ጣራ ስር ካሉት የሰራተኛ ክፍሎች በአንዱ ነው፣ ያን ለሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እሜቴ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ዝም ይሉ ነበር፣ ቤቱ በምን ብር ተሰራ የሚለው ላይ። በ1833 የባርነት መሻሪያ ሕግ ሲወጣ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መድቧል፣ ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ፣ የተቀባዮቹንም ስም አንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ በነፃ ኦንላይን አስቀምጦታል። ታሪካዊ ቤቶችን የሚጠብቀው ድርጅት ናሽናል ትረስትም በ2020 ከያዛቸው ቦታዎች 93ቱ ከባርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር ግንኙነት አላቸው ብሎ ሪፖርት ሲያወጣ አገሩ ተንጫጫ። የኛን ቤት ጌታ ስም አስገባሁ፣ አልወጣም። እሜቴ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው ሻይ አፍይ አሉኝ፣ ሲፈሩ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ።

አንድ ቅዳሜ ባዝ ወስጃቸው ፌርፊልድ ሀውስን አየን። ማን እንደኖረበት መዝገብ ሳልገልጥ የማውቀው አንድ የእንግሊዝ ቤት ቢኖር እሱ ነው፣ ጃንሆይ ጣልያን ሲወረን ተሰደው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት፣ በ1958 ደግሞ ለከተማው የሰጡት። ስንመለስ እሜቴ "ያንቺ አያት ቤትስ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታውኑ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ ሁለት ቤት ነበራቸው፣ በኛ አቆጣጠር በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 አንደኛው ትርፍ ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ቤት ሆነ። "እትዬ፣ እዛ ቤት እነማን ኖሩበት? ከአያቴ በፊትስ ቦታው የማን ነበር?" አልኳት። ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል "ጠበቃ ይዘሻል እንዴ?" አለችኝ። "ሰዎቹ እኮ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ነው፣ በሰላም ነው የምንኖረው፣ ደሞ ይሄ በስልክ ይወራል?" ኧረ ለታሪኩ ነው ብል ማን ሊያምነኝ። በማግስቱ የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም "ቤቱን ልታስመልሺ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" ብሎ ላከልኝ፣ ከኋላው ደስ የማለት ኢሞጂ።

አልፈረድኩባትም። እሜቴ እንደሆቢ የሚጠይቁት ቤቱ ከእጃቸው እንደማይወጣ ስለሚያውቁ ነው። ቤት ባንድ አዋጅ እጅ በቀየረበት አገር ግን "ድሮ የማን ነበር" ማለት ይገባኛል ማለት ነው። ድሮስ ቢሆን ዘር የሚቆጠረው ለምን ነበር? ርስት ለመካፈል ነዋ፣ በእናትም በአባትም እስከ አቅኚው አባት እየቆጠሩ። የጽሑፍ ባህል የለንም የሚሉትም ተሳስተዋል፣ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ሽያጩና ስጦታው ከነምስክሮቹ ስም ወንጌሉ ላይ ባዶ ቦታ እየተፈለገ ይጻፍ ነበር። በዛው በ1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ርስት ቀረ፣ ቆጠራውም ጥቅሙ ቀረ። እኔ ዛሬ ሰባት አባት በቃሌ እቆጥራለሁ፣ የአያቴን እናት ስም ግን አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ መልሼ ደወልኩ፣ ስለ ቤቱ ትንፍሽ ሳልል። አያቴ ቤት እንጀራ ትጋግር የነበረችው፣ ልጅ ሆኜ ቂጣ የምትሰጠኝ ሴትዮ ማን ነበረች አልኳት። አክስቴ ድምጿ ተፈታ፣ ሳቀች፣ ስሟን ነገረችኝ።

"የአባቷስ ስም?"

"እኔ እንጃ። ማን ጠይቋት።"