ቦምብ ሰቃይ ሲቪል ቤት ምን ይሠራል?

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን ቁጭ ብለን ክርክር ተነሣ። መነሻው አንድ ወዳጃችን ነው። ልጁ ስምንት ዓመት አየር ኃይል ውስጥ በተዋጊ ጄት ትጥቅ ጥገና ሠርቶ በቅርቡ ወጥቷል። እነሱ ባጭሩ አርማመንት ይሉታል። ሚሳይልና ቦምብ አውሮፕላኑ ላይ ይሰቅላሉ። መድፉን ፈትተው ይገጥማሉ። አብራሪው ቁልፉን ሲጫን የተሰቀለው ነገር በትክክል እንዲለቅ፣ ሳይጫን ደግሞ እንዳይለቅ ያደርጋሉ።

አሁን ሲቪል ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ስድስት ወር ሞላው። አንድም ቦታ ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠራውም።

ከመካከላችን አንዱ ሠራተኛ መቅጠር ሥራው ነው። ወሬውን የጀመረው እሱ ነው። «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ» አለው። «ቦምብ የሚሰቀልበት ሲቪል መሥሪያ ቤት የለም። ስምንት ዓመቱን እርሳውና ከዜሮ ጀምር። አጭር ኮርስ ውሰድ። ሰርተፊኬት ይኑርህ።» ይህን ሲል ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር።

ልጁ ምንም አላለም። መሬት መሬት ያያል።

መልስ የሰጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገደኛ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ሙያ በልብ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

«ጋሼ፣ ልብ ሲቪ ላይ አይለጠፍም» አለ ቀጣሪው። በራሱ አባባል ራሱ ሳቀ።

ጋሼ ወደ ልጁ ዞሩ። «ቦምብ ስትሰቅሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከማገናኘታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?»

«ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ላይ አለመኖሩን በቴስተር እንለካለን።»

«ቸኩላችሁ ከሆነስ?»

«ቸኩለንም እንለካለን።»

ይህ ቀላል መልስ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ትዝ ያለኝ በ1967 እ.ኤ.አ. ፎረስታል በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የደረሰው ነው። አንድ ተዋጊ ጄት ከውጭ ኤሌክትሪክ ወደ ራሱ ኤሌክትሪክ ሲቀየር ኃይሉ ድንገት ከፍ አለ። ክንፉ ሥር የነበረች አንዲት ሮኬት ማንም ሳይነካት ተተኮሰች። መጨረሻ ላይ መገናኘት የነበረበት መስመር ቀድሞ ተገናኝቶ ነበር። በተነሣው እሳት 134 ሰዎች ሞቱ። ይህ ልጅ ስምንት ዓመት የሠራው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይሆን ነው። ሥራው በደንብ ሲሠራ ምንም አይታይም። ምንም ስላልተፈጠረ ማንም አያመሰግንም። ቀጣሪውም የማይታየውን ሥራ እንዳልተሠራ ቆጠረው።

«እሺ፣ ጥንቃቄ መልካም ነው» አለ። «ግን የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ፈንጂ የለም!»

እዚህ ላይ ጋሼ ተቀምጠውበት ከነበረው ወንበር ብድግ አሉ። «ማነው የለም ያለህ? የሞተሩ እሳት ማጥፊያ ጠርሙስ በምን የሚከፈት ይመስልሃል? አብራሪው ሲያዝ ትንሽዬ ፈንጂ ካርትሪጅ ናት ፈንድታ ክዳኑን የምትበሳው። እሷን የሚቀይረው ሰው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትፈልጋለህ አትፈልግም? የመኪናህ ኤርባግስ ሲነፋ በምን ተለኩሶ ነው?» ቀጣሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ሙያ በልብ ነው» ብለው ጋሼ ተቀመጡ።

ልጁን እየጎተጎትን አናገርነው። ሲናገር ደግሞ ጉድ ነው። ኤፍ-16 በተባለው ተዋጊ ጄት ላይ ያለው ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ስድስት አፈሙዝ አለው። በደቂቃ ወደ 6,000 ጥይት ይተኩሳል። የሚያሽከረክረው የሃይድሮሊክ ሞተር ነው። እሱን ማፍታታት የሚያውቅ ሰው ፋብሪካ ያለ ሃይድሮሊክ ማሽን ፊት ቢቆም ምን ይቸግረዋል? ሳይድዋይንደር የምትባለው ሚሳይል 85 ኪሎ ገደማ ናት። ሦስት ሆነው በእጃቸው ተሸክመው ይገጥሟታል፣ አንዱ ቢሳሳት ለሦስቱም ነው። ጄቱ ከሚሳይሉ ጋር የሚነጋገረው በዲጂታል የመረጃ መስመር ነው። የመንገደኛ አውሮፕላንም የራሱ መስመር አለው፣ ኤሪንክ 429 ይሉታል። ስሙና አሠራሩ ቢለያይም የተበላሸውን ቦታ የሚፈልገው ያው ሰው ነው። ኮኔክተሩን ይነቅላል፣ ይለካል፣ ንድፉን ያያል፣ እንደገና ይለካል። የንፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ወጥቶ ትልልቅ ብሎኖችን በልኩ የሚያጠብቅ፣ አሳንሰር የሚጠግን፣ የፋብሪካ ሮቦት የሚያስተካክል ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም።

ቀጣሪው አንድ እውነት ተናግሯል፣ አልክድም። የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድ ይጠይቃል። የወታደር ቤት ልምድ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ግን ከዜሮ ማለት ውሸት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለአውሮፕላኑ አካል ወይም ለሞተሩ ለመፈተን 18 ወር፣ ለሁለቱም 30 ወር ተዛማጅ የተግባር ልምድ በማስረጃ ማቅረብ ነው የሚጠበቀው። ወታደር ቤት የተገኘ ስለሆነ ብቻ አይጣልም። አውሮፓ ደግሞ የወታደሩን ልምድ ይቀበልና ሲቪል አውሮፕላን ላይ ተጨማሪ ጊዜ ሥራ ይላል። ስለዚህ ልጁ የሚያስፈልገው የትኛውን ሥራ መቼ እንደሠራ በዝርዝር የተጻፈና የተፈረመ ማስረጃ ነው። «እርሳው» ማለት መንገዱን ያላየ ሰው ምክር ነው።

«ሰርተፊኬት ያለው ቢያንስ ተምሯል ማለት ነው» አለ ቀጣሪው፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ።

ጋሼ በ1990 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነገሩት። እንግሊዝ ሰማይ ላይ የአንድ መንገደኛ አውሮፕላን የፊት መስታወት ተገንጥሎ ሄደ። ካፒቴኑ በግማሽ ጎኑ ወደ ውጭ ተጎተተ። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን ይዘው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ አቆዩት፣ ተረፈ። ሲመረመር መስታወቱ ሌሊት የተቀየረ ነው። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ቀጠን ያሉ ነበሩ። የገጠማቸው ሰው ልምድም ሥልጣንም ያለው ነው። የክፍል ቁጥሩን ከመጽሐፉ ሳያይ የድሮውን ብሎን ይዞ በዓይኑ አመሳስሎ መረጠ። ሥራውን ሁለተኛ ሰው አላየለትም። «ፈቃድ ነበረው ልጄ» አሉ ጋሼ። «ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ሙያ ግን በልብ ነው።»

እኔ የልጁን ልብ አይቼዋለሁ። ባለፈው ወር የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶብኝ ሊረዳኝ መጣ። ነጭ ጨርቅ አነጠፈ። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ደረደረ። ሁለት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሦስት ቺያቤ፣ ቴስተር። ጮክ ብሎ ቆጠረ፣ ሰባት። ፓምፑ ተሠርቶ አለቀና መልሶ ቆጠረ፣ ስድስት። ትንሿ ካቻቢቴ የለችም። «ተዋት፣ ሌላ እገዛለሁ» አልኩት። መሽቶም ነበር። «ያለችበትን ሳላውቅ አላስነሣውም» አለኝ። የገጠመውን ክዳን እንደገና ፈታ። ካቻቢቴዋ ማራገቢያው ሥር ተወሽቃ ተገኘች። ዕቃ በተተወ ቁጥር ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጄት ሞተር ውስጥ የገባች አንዲት ፍሬ ብሎን የሞተሩን ምላጭ ትበላለች።

እና እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከዜሮ ጀምር የሚሉት!

ሲቪውን ተቀብዬ አየሁት። «የጦር መሣሪያ ባለሙያ፣ 8 ዓመት» ይላል። በቃ፣ ያ ብቻ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፣ ሙያ በልብ ነው የሚለውም እውነት ነው። ግን ልጁ አባባሉን ዝም በል ማለት አድርጎ ወስዶታል። ወታደር ቤትም ስለ ራስህ አታውራ ብሎ ነው ያሳደገው። ልብ ያለውን አፍ ካልተናገረው የማያውቅህ ሰው በምን ይወቅ? ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። «የሦስት ሰው ቡድን መርቻለሁ። የኤሌክትሪክና የሃይድሮሊክ ብልሽት በንድፍ እየተመራሁ አግኝቼ ጠግኛለሁ። ብሎን በቶርክ ሬንች በተሰጠው ልክ አጥብቄ በፊርማዬ አስረክቤያለሁ። ሥራዬን ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ፈትሾታል።» ቦምብ የሚል ቃል አንድ ቦታ ብቻ ገባ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሞላ።

የሚያናድደኝ ግን ልጁ ብቻ አይደለም። ዘመኑ ራሱ እጁ ዘይት የነካውን ሰው ንቋል። ስለ ሥራ የሚያወራው ከሚሠራው በላይ ይከበራል። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ አማካሪ ነኝ የሚለው ወንበር ይሳብለታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ክንፍ ሥር ተንጋሎ ያደረው በር ላይ ይጠብቃል። ሁላችንም አውሮፕላን ላይ ተሳፍረን ቀበቷችንን አስረን እንቅልፋችንን እንለጥጣለን። ያን እንቅልፍ የሰጠን ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ልጆቻችንንም ቢሮ እንዲገቡ እንጂ ቺያቤ እንዲይዙ አንመክራቸውም። ከዚያ ቧንቧው ሲፈስ፣ አሳንሰሩ ሲቆም፣ ሠራተኛ ጠፋ ብለን እንጮኻለን። የት ይምጣ? እኛው ነን ያሸማቀቅነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ አዲሱን ሲቪ ይዞ ሌላ ማመልከቻ ሞላ። ቅጹን አሳየኝ። የትምህርት ደረጃ የሚል ሳጥን ሦስት ቦታ አለበት። ምን መሥራት ትችላለህ የሚል አንድም የለም።