ሳይክሉን የት ልተወው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሳይክልና የከተማ ባቡር ቢቀናጁ መኪና ይቀንሳል» ይላል። እውነት ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ከቤቴ እስከ ባቡሩ በእግር 40 ደቂቃ፣ በሳይክል 10 ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምናያቸው ብዙዎቹ እኮ የሚፈልጉት ይቺኑ አጭር መንገድ ነው።

ችግሩ ከደረስኩ በኋላ ነው። ሳይክሌን ሱቅ በረንዳ ላይ ካለ ብረት ጋር በሰንሰለት አስሬ፣ ባለሱቁን «አደራ» ብዬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ማታ ስመለስ የፊት ጎማው የለም! ሰንሰለቱ ግን እንደታሰረ ነው። እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

ሳይክል ባቡሩ ላይ ይጫን የሚሉትን አልደግፍም። ጠዋት ሰው ራሱ ተጠቅጥቆ ነው የሚሄደው። ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ጣቢያ ያለው ማቆሚያ 12,500 ሳይክል ይይዛል፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓትም በነፃ ነው። እኛ 12 ሺህ አላልንም። ለጊዜው ሃምሳ ሳይክል የሚይዝ ጥላ፣ አንድ ጥበቃና ቁጥር ያለው ካርድ ይበቃናል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ደስ ይላሉ። ግን መንገዱ ተሠርቶ ማቆሚያው ከተረሳ፣ የሰፈር ልጆች ቅዳሜ የሚዝናኑበት ብቻ ይሆናል። ለነገሩ እነሱም ይዝናኑ።