ማስተካከያ፦ ስለ ድርጭት ማደኛ ቀላል ሾትጋን

ለድርጭት አደን ክብደቱ ቀላል የሆነ ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን (ብዙ ጥቃቅን ፍሬ የሚተኩስ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ) ስለ መምረጥ ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «ባለ 20 ጌጅ በርሜል ከባለ 12 ይሰፋል» ተብሎ ነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ የጌጅ (የበርሜል ስፋት መለኪያ) ቁጥር ሲጨምር በርሜሉ ይጠብባል። የባለ 12 ጌጅ የውስጥ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የባለ 20 ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አይደለም። ባለ 20 ጌጅ ጥይት በባለ 12 ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል። አዳኙ ባዶ መስሎት ሌላ ጥይት አጉርሶ ከተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳና እጁን ወይም ዓይኑን ሊያሳጣው ይችላል። የባለ 20 ጌጅ ጥይት ቀፎ በአብዛኛው ቢጫ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። እባካችሁ ሁለቱን በአንድ ኪስ፣ በአንድ ቦርሳ እንኳ አትያዙ።

«ቀላል ጠመንጃ ትከሻን አይመታም» የተባለውም ይታረም። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀለል ያለው ጠመንጃ ይበልጥ ይመታል። እንደ ቤሬታ ኤ400 ያለው በጋዝ (ከተኩሱ በሚወጣው ጋዝ ኃይል) የሚሠራ ጠመንጃ ምቱን ያለዝባል። እንደ ቤኔሊ ሞንቴፌልትሮ በኢነርሺያ (ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚገፋው ኃይል) የሚሠራው ክብደቱ ያነሰ፣ ለጽዳትም የሚመች ነው፤ ነገር ግን በጣም ደካማ ጥይት ሲጎርስ ቀጣዩን ላያቀባብል ይችላል። ድርጭት ከእግር ሥር ብድግ የምትል ወፍ ስለሆነች 25 ግራም ገደማ የእርሳስ ፍሬ ያለው ጥይትና ሰፋ ያለ ቾክ (የፍሬውን መበተን የሚወስን የበርሜል አፍ ማጥበቢያ) ይበቃል።

ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ ይመረጥ የተባለው አልተለወጠም።