ረግረጉን አሳዩ፣ ጎጆውን ሸሽጉ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጅማ ዳር ባለው የቦዬ ረግረግ ሣሩ ከወገብ በላይ በቆመበት ሰሞን፣ አንዲት ባለዘውድ ክሬን ጎጆዋን ታቅፋ አየሁ። ረጅም እግር ያላት፣ ሰውነቷ የጠቆረ፣ አናቷ ላይ ወርቃማ ላባ እንደ ዘውድ የቆመላት ወፍ ናት። በዓለም ደረጃ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ወፎች ተርታ መመደቧን አውቃለሁ። ፎቶ አነሳኋት፤ በዚያው ማታ ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁት። ከኋላዋ የባሕር ዛፉ ረድፍና አስፋልቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ቦታውን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። እኔ ግን እሱም አልበቃ ብሎኝ በየት በኩል እንደሚገባ ጻፍሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ሣሩ ተረግጦ መንገድ ሆኗል። ጎጆው ባዶ ነው። ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰው መምጣት ከጀመረ ወዲህ አታቅፍም። እንቁላሉን ቁራ በላው» አለኝ።

ነገሥታቱ በድሮ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ያ ልጅ ጎጆዋን ከእኔ በፊት ያውቃት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ከብቶቹ በአጠገቧ እየጋጡ ሲያልፉ አትደነግጥም፤ ለምዳቸዋለች። ስልኩን ዘርግቶ፣ ተጎንብሶ፣ ዐይኑን እሷ ላይ ተክሎ የሚመጣ ሰው ግን ለእሷ አዳኝ ነው። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ማቀፍ አለባቸው። አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ ቢያስነሳት ምናልባት ትመለስ ይሆናል። በቀን አሥር ሰው እየመጣ ሲያስነሳት እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም ከዛፍ ላይ ሆኖ ያያል። እያንዳንዱ ጎብኚ ያደረገው ነገር ትንሽ ነው፤ ማንም ክፉ አልነበረም። ጎጆውን ግን አንድ ላይ ሆነን ባዶ አደረግነው፤ መንገዱን የጠረግሁትም እኔ ነኝ።

ይህን ስናገር አንዳንድ ወዳጆቼ «እንግዲያውስ የዱር እንስሳ ፎቶ ጨርሶ አታጋራ» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። ቦዬን የሚያጠፋው በመጀመሪያ ደረጃ ካሜራ አይደለም። ለጡብ ሥራ ሸክላ የሚቆፈርበት ጉድጓድ፣ በየዳሩ እየገፋ የሚመጣው ባሕር ዛፍ፣ ውኃው እየተንጣፈፈ የሚታረሰው መሬት ነው። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ሁሉ የሚያስጎበኝ ሰው፣ ቦዬን «ያ ጭቃ» ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ። ጉማሬ ከከተማችን ዳር መኖሩን በፎቶ ያዩ ጊዜ አፋቸውን የያዙ ተማሪዎችም አውቃለሁ። ያላዩትን ነገር ማን ይሟገትለታል? ስለዚህ ረግረጉ በስሙ ይጠራ፣ ፎቶው ይሰራጭ። የሚሸሸገው ጎጆው ነው፤ ግልገሉ ያለበት ጉድጓድ ነው፤ ማደሪያው ዛፍ ነው።

ሸሸግሁ ብሎ ማመንም ብቻውን አይበቃም። ስልካችን ካሜራው ቦታ እንዲመዘግብ ከፈቀድንለት፣ ያነሳንበትን ነጥብ በፎቶው ውስጥ አብሮ ያስቀምጣል። ፌስቡክና ኢንስታግራም ለሕዝብ ከሚያሳዩት ፎቶ ላይ ይህን መረጃ ያነሱታል። በቴሌግራም በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ ግን መረጃውን እንደተሸከመ ይደርሳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን አብዛኞቻችን የምንልከው ደግሞ እንደዚያ ነው። ከካሜራው ቅንብር ውስጥ የቦታ ምዝገባውን ማጥፋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሳይንስ ቦታና ቀን ይፈልጋል የሚለውን ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ። እውነት ነው፤ ቀንና ቦታ ያለው ፎቶ ለወፍ አጥኚዎች ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ለዚህ ሲባል የተሠሩ መድረኮች አሉ። ሰው ያየውን እንስሳና ተክል የሚመዘግብበት አይናቹራሊስት (iNaturalist) የተባለው ድረ ገጽ፣ የመጥፋት ስጋት ያለባቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይሸሽጋል፤ ለተመልካች የሚያሳየው ወርድና ቁመቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ክልል ውስጥ በዘፈቀደ ያስቀመጠውን ነጥብ ነው። ያየናቸውን ወፎች የምንመዘግብበት ኢበርድም (eBird) ለአደንና ለወጥመድ የተጋለጡ ወፎችን ዝርዝር ቦታ ለሕዝብ አያሳይም። መረጃውን ለሚያስፈልገው ወገን መስጠትና አደባባይ ላይ መስቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከቦታው እኩል የሚያሳስበኝ ከፎቶው ሥር የምንጽፈው ነው። የቦዬ ጉማሬ አፉን ከፍቶ የሚታይበት ፎቶ በየጊዜው «አዛጋ»፣ «ሳቀልን» ተብሎ ይለጠፋል። ጉማሬ እንዲያ አፉን በልቅጦ ጥርሱን ሲያሳይ በአብዛኛው ማስፈራራቱ ነው፤ ራቁ እያለን ነው። አፉን እንዲከፍት ድንጋይ የሚወረውሩ ወጣቶችን በዐይኔ አይቻለሁ። ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ወደ ሣሩ ይወጣል። ቀን የተቆጣው እንስሳና ከብቱን አምሽቶ የሚመልሰው እረኛ አንድ መንገድ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ድንጋዩን የወረወረው ልጅ ያን ጊዜ ቤቱ ተቀምጦ የወዳጆቹን አስተያየት እያነበበ ነው።

የተሳሳተ መግለጫ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ በእስያ ደኖች የሚኖረው ስሎው ሎሪስ የተባለ ትንሽ እንስሳ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንዱ ብብቱን ሲኮረኮር እጆቹን ወደ ላይ የሚያነሳበት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ወጣ፤ ሚሊዮኖች ደስ ብሎት መሰላቸው። መርዝ የሚያመነጨው እጢ ያለው ክንዱ ላይ ነው፤ እጁን የሚያነሳው ሲፈራ ራሱን ለመከላከል ነው። ከሥሩ በተጻፉት አስተያየቶች ግን ብዙ ሰው «የት ነው የሚገዛው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ እንስሳ ነው።

እኛም ዘንድ ተመሳሳዩ አለ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ «በለጠ» በተባለው ደን በኩል ሲታለፍ፣ መኪና ቆሞ ጉሬዛ በዳቦና በብስኩት ሲጠራ ይታያል። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፤ ሆዱ እንደ ከብት ሆድ በክፍል የተከፋፈለ፣ ቅጠል እያብላላ እንዲፈጭ የተሠራ ነው። ዳቦው ያሳምመዋል፤ አስፋልት ዳር መቆምን ያስለምደዋል። በአጠገቡ የቆመው ሰው ፈገግ ብሎ የተነሳው ፎቶ ብዙ «ላይክ» ያገኛል፤ ቀጣዩም መኪና ብስኩት ገዝቶ ይመጣል።

የጅማን ፎቶ የምታሰራጩ ገጾች አስተዳዳሪዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፎቶ ሲላክላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ከምን ያህል ርቀት እንደተነሳ፣ እንስሳው ተጠርቶ፣ ተመግቦ ወይም ተባርሮ እንደሆነ ጠይቁ። ጎጆና ግልገል የሚታይበትን አቆዩት፤ ጫጩቶቹ ክንፋቸው ጠንቶ ከሄዱ በኋላ ቢወጣ ውበቱ አይቀንስም። የእኔን ፎቶ ያለ ፈቃድ ወስዶ ከነመግቢያው መንገድ ደግሞ የለጠፈ አንድ ገጽ ነበር፤ እኔ ካጠፋሁት በኋላ እንኳ እዚያ ቆይቷል። አንዴ የወጣ ቦታ አይመለስም።

ቦታውን በትክክል ማሳየት ለሚወድ ሰው ደግሞ ቦዬ ሌላ ሥራ አላት። የሸክላ ጉድጓዶቹን አንሱ። አዲስ የተቆፈረውን ቦይ፣ አምና ውኃ የነበረበትን ዘንድሮ የታረሰውን መሬት፣ ባሕር ዛፉ ስንት እርምጃ እንደገባ አንሱ። ቀኑን ጻፉ፣ ነጥቡን መዝግቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቆማችሁ ድገሙት። እነዚህን ሺህ ሰው እየመጣ ቢያያቸው ከእንቁላሏ ላይ የምትነሳ ወፍ የለችም።