ዲ ሴክሽን ማን ሊያስተምር ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ልጆቻችንን በደረጃ ለይቶ ሊመድብ ወስኗል። ጎበዞቹ ኤ፣ ከዛ ቢ እና ሲ፣ «የቀሩት» ዲ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ለምን ስንል አንዱ ኃላፊ ምን ቢለን ጥሩ ነው፣ «ሰነፍ ከጎበዝ ጋር ሲቀመጥ ስንፍናው ይጋባል»። ጉንፋን ነው እንዴ? ስንፍና ከተጋባ ጉብዝናስ ለምን አይጋባም፣ እሱ ክትባት ተሰጥቶታል? የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳስደነገጣቸው ይገባኛል፣ በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ታዲያ የቀረው ሀገር ሙሉ ተማሪ ሰነፍ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው የወደቀው?

ለመሆኑ ሰነፍ የሚሉት ማንን ነው። ሰፈራችን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለ፣ የሒሳብ ደብተሩ ቀይ በቀይ ነው፣ ከሰዓት ግን አጎቱ ጋ በርጩማ ይጠርባል። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሚስማር የለ ኮላ የለ፣ አንዴ ከሳትክ ሳትክ ነው፣ ስለዚህ ልጁ መጥረቢያውን ሳያነሳ በፊት በርጩማውን ግንዱ ውስጥ ማየት አለበት። ለምን ሶስት እግር አልኩት። «አራት ከሆነ መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን ይነቃነቃል፣ ሶስት ግን የትም ብታስቀምጠው ቀጥ ነው» አለኝ። ይሄ እኮ ሰሌዳ ላይ የሚያሸመድዱት ጂኦሜትሪ ነው፣ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ሶስት ነጥቦች ሁሌም አንድ ፕሌን (ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ ያርፋሉ የሚለው። የኤ ሴክሽኑ ልጅ ጽፎት ኤክስ ሳይነካው ይመለሳል፣ ይሄኛው ግን ቁጭ ብሎበታል! እና ዲ የሚገባው እሱ ነው።

አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ሃዋርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 የማሰብ ችሎታ አንድ አይደለም ብሎ ሰባት ዘረዘረ፣ በኋላም ተፈጥሮን መለየትን ጨምሮ ስምንት አደረሰው። የኛ ፈተና ከነዚህ ውስጥ የቋንቋና የሒሳቡን ነክቶ ሌላውን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ማስረጃው ደካማ ነው የሚሉ ሳይኮሎጂስቶች አሉ፣ ይበሉ፣ እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ደግሞ እኮ ፈረንሳዊው ሳይኮሎጂስት አልፍሬድ ቢኔ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተናውን ያወጣው እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለማገዝ ነበር፣ ለይቶ ጥግ ለማስያዝ አይደለም። እና ስብሰባው ሊበተን ሲል እጄን አውጥቼ ምርጡ የሒሳብ አስተማሪ የትኛው ሴክሽን ነው የሚገባው ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኩ።

«ኤ ነዋ» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት።